የተዳቀለ ነው ተብሎ ለተሸጠልን አቮካዶ መልስ ስጡን

ይድረስ ችግኙን ላከፋፈለው መሥሪያ ቤት ኃላፊ፤

ማመልከቻዬ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ተሰጥቶታል። መልስ ብጠብቅ ብጠብቅ አልመጣም። በሄድኩ ቁጥር «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለምባል በአደባባይ ልጽፍልዎት ተገድጃለሁ።

ከሐዋሳ ወጣ ብሎ ባለው ማሳዬ ላይ አቮካዶ የተከልኩት ቤተሰቤን ሲያበላ የኖረውን እንሰት ነቅዬ ነው። ሠራተኞችዎ ሰብስበውን «ዝርያው ሃስ ነው፤ የተዳቀለ ስለሆነ በ3 ወይም በ4 ዓመት ያፈራል፤ ይርጋለም ያለው የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም ለዘይት ይፈልገዋል» አሉን። የከፈልነውም የተዳቀለ፣ ማለትም የሃስ ቅርንጫፍ በሌላ አቮካዶ ግንድ ላይ የተጋጠመበት ችግኝ ዋጋ ነው። ያ ጊዜ ካለፈ ቆየ፤ አብዛኛው ዛፍ ግን ቅጠል ብቻ ነው። ያፈሩት ጥቂቶቹም ሃስ አይደሉም። የሃስ ቆዳ ሸካራ ነው፤ ሲበስልም ከአረንጓዴ ወደ ጠቆር ያለ ሐምራዊ ይለወጣል። የእኔው ቆዳው ስስና ልሙጥ ነው፤ በስሎም አረንጓዴ ነው፤ ሲበሉት ውኃ ውኃ ይላል። ነጋዴው አንዱን ቆርጦ አየና ትቶት ሄደ።

አቤት ስል «እንክብካቤ ጎድሎት ነው» ተባልኩ። ያንገበገበኝ ይህ ነው። አቮካዶ ውኃ የሚተኛበት መሬት እንደማይወድ አውቄ ቦይ ያወጣሁ፣ በበጋ ውኃ ተሸክሜ ያጠጣሁ ሰው ነኝ።

ዘንድሮ ጎረቤቴ ከዚያው ችግኝ ጣቢያ ባመጣው ችግኝ ላይ፣ መጋጠሚያውን ይይዛል ተብሎ የታሰረውን ፕላስቲክ አብረን ፈታነው። የተዳቀለ ችግኝ ከአፈሩ ከፍ ብሎ፣ የአገሬው አቮካዶ ግንድና የሃስ ቅርንጫፍ የተጋጠሙበት ጠባሳ አለው። እዚህ ግን ቢላ ያረፈበት ምልክት እንኳን የለም። ከፍሬ በበቀለ ችግኝ ላይ ፕላስቲክ ጠቅልለው ሸጡልን! ከፍሬ የበቀለ አቮካዶ እናቱን መስሎ እንደማይወጣ፣ ለማፍራትም ብዙ ዓመት እንደሚፈጅ ባለሙያዎችዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

አቮካዶን ጠልቼ አይደለም የምጮኸው። ልጆቼ ሎሚ ጨምቀውበት በዳቦ ይበሉታል። ለልብ የሚስማማ ቅባት፣ ፖታሲየምና ፋይበር ያለው ምግብ ነው፤ ቅቤ ለማይቀመስበት ቤት ትልቅ ነገር ነው።

ባለሙያ ልከው ማሳዬን ያስመርምሩ። ችግኙን የተዳቀለ ነው ብሎ የፈረመው ማን እንደሆነ ይነገረን። እንሰታችንን ለነቀልነው ምትክና ካሣ ይሰጠን። ከመጪው ክረምት ጀምሮም ችግኝ ሲታደል ፕላስቲኩ በገበሬው ፊት ይፈታ። መልስዎን በጽሑፍ እፈልጋለሁ።

ከሐዋሳ ዙሪያ፣ አንድ ገበሬ