ሰማያዊዋን ቢራቢሮ ያጠፋት መረብ ሳይሆን ያደገ ሣር ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ዕትማችሁ ስለ እንግሊዟ «ታላቋ ሰማያዊ» ቢራቢሮ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄው በክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ አንብቤላቸዋለሁ። ሆኖም ሁለት ነጥቦች እንዲታረሙ እጠይቃለሁ፤ አንደኛው አባጨጓሬውና ጉንዳኖቹ «ወዳጆች» መባላቸው፣ ሁለተኛውና ዋናው ደግሞ ቢራቢሮዋን ከአገሪቱ ያጠፏት በመረብ የሚይዟት ሰብሳቢዎች ናቸው መባሉ ነው።

ቢራቢሮዋ በሰኔ ገደማ እንቁላሏን የምትጥለው በጦስኝ እንቡጥ ላይ ነው። (እኛ ደጋ ላይ በሻይ የምናፈላው ጦስኝ የዚህ ተክል ዘመድ መሆኑን ስነግራቸው፣ ከኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች ሳይቀሩ ጆሯቸውን ሰጡኝ።) አባጨጓሬው አበባውን እየበላ ሁለት ሦስት ሳምንት ከቆየ በኋላ፣ ገና ጥቂት ሚሊ ሜትር ሳለ፣ መሬት ላይ ወድቆ ይጠብቃል። ያገኘችው ጉንዳን በአንቴናዋ ስትነካካው ከጀርባው ካለ ዕጢ ጣፋጭ ጠብታ ያወጣላታል፣ እሷም ትልሰዋለች። ይህ ለረጅም ሰዓት ከቀጠለ በኋላ አባጨጓሬው ከራሱ ቀጥሎ ያለውን አካሉን ነፋ አድርጎ ቀና ይላል፤ ሽታውም የጉንዳን እጭ ሽታ ስለሆነ ከጎሬ የወጣ የቤቷ ልጅ ይመስላትና በመንጋጋዋ አንጠልጥላ ታስገባዋለች። እስከዚህ ድረስ ወዳጅነት ቢባል ባልተከራከርኩ ነበር። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ባሉት ዘጠኝ ወይም ዐሥር ወራት የሚበላው የአሳዳጊዎቹን እጮች ነው፤ ክብደቱንም ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚያገኘው ከእነሱ ነው። በመጨረሻ እዚያው ጎሬ ውስጥ ፑፓ (ከአባጨጓሬ ወደ ቢራቢሮ የሚለወጥበት፣ የማይበላበት ደረጃ) ሆኖ ይቆይና፣ ቢራቢሮ ሆኖ ሲፈለፈል ክንፉ እንደተጨማደደ በጠዋት ወደ ውጭ ወጥቶ ቁጥቋጦ ላይ ይዘረጋዋል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጄረሚ ቶማስ የተባለው ተመራማሪ የመጨረሻዎቹን ቢራቢሮዎች በቅርብ ተከታትሎ እንዳረጋገጠው፣ አባጨጓሬው በደህና የሚያድገው በአብዛኛው ሚርሚካ ሳቡሌቲ በተባለችው ጉንዳን ጎሬ ብቻ ነው። ይህች ጉንዳን ደግሞ በዚያ ቀዝቃዛ አገር ፀሐይ የሚያሞቀው መሬት ትፈልጋለች። ሣሩ ከሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ በላይ ሲያድግ አፈሩ ይቀዘቅዛል፣ እሷም ቦታውን ለሌላ ዝርያ ትለቃለች፤ በዚያኛው ጎሬ የገባ አባጨጓሬ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። ሣሩን ያሳደገው ምን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ገበሬዎች በእነዚያ ተዳፋቶች ከብት ማሰማራት ተዉ፣ ሣር የሚግጡትን ጥንቸሎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1953 የገባው ሚክሶማቶሲስ የተባለ በሽታ ፈጃቸው። ይባስ ብሎ ሰብሳቢዎችን ለመከልከል የታጠረ አጥር ከብቱንም አብሮ ከለከለ፤ ቢራቢሮዋም በተከለለላት ስፍራ ጠፋች። እ.ኤ.አ. በ1979 ከመላ ብሪታንያ መጥፋቷ ታወጀ።

እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ከስዊድን አምጥተው ሲመልሷት መጀመሪያ ያደረጉት ከብት ማስገባትና ቁጥቋጦ መመንጠር ነበር፤ ዛሬ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ባለው በሱመርሴት አውራጃ ኮረብቶች ላይ ትበራለች። ሰብሳቢዎች ጭራሽ አልጎዷትም አልልም፤ ጥፋቱን ሁሉ በእነሱ ላይ መጣል ግን ስህተት ስለሆነ፣ ተማሪዎቼ የያዙት ጽሑፍ ላይ እርምቱን አብረው እንዲለጥፉት በሚቀጥለው ዕትማችሁ እንድታወጡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የሥነ ሕይወት መምህር
ከደብረ ብርሃን