ለአባባ፣ ስለ ልጁ ጉዳይ

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ደብረ ማርቆስም ብርዱ ቀለል ብሏል።

ልጁን እህቴ ውጭ አገር ወስዳ ታስተምረው ያሉኝን ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። ለእሱ ብለው እንደሆነ አውቃለሁ። እርስዎም በልጅነትዎ ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው ቅኔ ፍለጋ ዲማ ጊዮርጊስ ወርደዋል። እኔን ግን የአጼ ቴዎድሮስ ልጅ የልዑል ዓለማየሁ ነገር አላስተኛ አለኝ። ክፍል ገብቼ ታሪኩን ሳስተምር የራሴ ልጅ ፊቴ ድቅን ይልብኛል።

መቅደላ በ1860 ዓ.ም. ስትወድቅ ዓለማየሁ 7 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር፤ ልክ እንደኛው ልጅ። አባቱ ሽጉጣቸውን ጠጡ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲጓዙ ታመው መንገድ ላይ ሞቱ፤ ጨለቆት ሥላሴ ተቀበሩ። አብረውት የነበሩት አበሾችም ከመንገድ ተመለሱ። አማርኛ የሚያወራው፣ እኛ ባሻ ፈለቀ የምንለው እንግሊዛዊው መኮንን ካፒቴን ስፒዲ ብቻ ቀረለት። ልጁ እሱን ሙጥኝ አለ፤ ህንድ ድረስ አብሮት ሄደ። ኋላ የእንግሊዝ መንግሥት ይማር ብሎ ከእሱም ለየው።

እንግሊዝ አገር ቼልተንሃም ትምህርት ቤት ገባ፣ ቀጥሎ ራግቢ፣ ከዚያ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት። አባባ፣ እነዚህ የአገሩ የመኳንንት ልጆች የሚማሩባቸው ናቸው። ገንዘቡን መንግሥት ይከፍል ነበር፤ ንግሥት ቪክቶሪያም ታስበው ነበር። ልጁ በጨዋታ ጎበዝ ሆነ፣ በቀለሙ ግን አልገፋም፤ አማርኛውም ጠፋበት። ሳንድኸርስትን ሳይጨርስ ወጥቶ ሊድስ ከተማ ሳለ ሳንባውን ታመመና በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞተ። ንግሥቲቱ በሰው አገር፣ ዘመድ ወገን ሳይኖረው መሞቱን በዕለት ማስታወሻዋ ጽፋ አዘነችለት። አጽሙ እስከ ዛሬ እዚያው እንግሊዝ፣ ዊንድሰር ቤተ መንግሥት ነው። ስጡን ብንል አጠገቡ ያረፉትን ሳንነካ ማውጣት አይቻልም አሉ።

እርስዎ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለው ደጃፍ ሲቆሙ ውሻ ቢያባርርዎት እንኳ ኩርማን እንጀራ ይዛ የምትወጣው ሴት «አይዞህ ልጄ» ትልዎት ነበር። ሲከፋዎት የሚናገሩበት አፍ፣ የሚሰማ ጆሮ ነበረዎት። የኔ ልጅ አሁንም ሌሊት ሲባንን እጄን ካልያዘ አይተኛም። እህቴ ደግ ናት፤ ግን ቀንም ሌሊትም ሥራ ላይ ናት። ቤት ውስጥ ማን ሊያወራው ነው?

ስለዚህ አይቀየሙኝ፣ አሁን አልሰደውም። ጎርምሶ በራሱ አንደበት ልሂድ ያለኝ ቀን መርቄ እሸኘዋለሁ። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ይዤው እመጣለሁ፤ ፊደል ቆጥሯልና ክረምቱን ዳዊት ያስጀምሩልኝ። ለእህቴ ግን እርስዎ ቢነግሩልኝ ይሻላል፤ ከእኔ ስትሰማው ይከፋታል።

ልጅዎ