ልጄ፣ ሳታረጋግጪ «ጠፋ» አትበይ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ወንድምሽ እንደነገረኝ ምግብ እየዘለልሽ፣ እንቅልፍ አጥተሽ ከርመሽ፣ በመመረቂያ ጽሑፍሽ «ጤፍ ከቢ ወገን ጂኖቹ ሢሶውን ጥሏል» ልትዪ ነው። ደነገጥሁ። ሳታረጋግጪ ጠፋ አትበይ።

ጤፍ 40 ክሮሞሶም አለው፤ 20ው ከአንድ የዱር ሣር፣ 20ው ከሌላው፤ አንዱን ኤ ወገን፣ ሌላውን ቢ ወገን እንላለን። ይህን በቤታችን ስንት ጊዜ አውርተነዋል። ሁለቱ ወላጆች የተለያዩት ከ5 ሚሊዮን ዓመት ግድም በፊት ነው፤ ተዳቅለው ጂኖሙ (ሙሉው የዘር መረጃ) የተደረበው ግን ከ1 ሚሊዮን ዓመት ግድም በፊት። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው «ዳቢ» የተባለው ጤፍ ጂኖም 68 ሺህ ያህል ጂን አለው፤ አብዛኛውም ጥንዱን እንደያዘ ነው። እርሾ ሌላ ነው፤ ከተደረበ 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ስለሆነው በጥንድ የቀረለት ከአሥር አንዱ ያህል ብቻ ነው። ያንቺ ቁጥር ለጤፍ በጣም በዝቷል።

እስቲ መልሽልኝ፤ ጂኖሙን ስትገጣጥሚ ድግግሞሽ የሚያጸዳ ፕሮግራም ተጠቅመሻል? እሱ የተሠራው ከእናትና ከአባት የመጡት ቅጂዎች በጣም ለሚለያዩበት ተክል ነው። ጤፍ በገዛ ብናኙ ስለሚያፈራ ያ ልዩነት ኢምንት ነው፤ ፕሮግራሙ ጠርጎ የሚጥልብሽ እውነተኛውን ጥንድ ይሆናል። ቀጥለሽ የንባብ ሽፋኑን፣ እያንዳንዱ ቦታ ስንት ጊዜ እንደተነበበ፣ እዪ። አማካዩ 30 ሆኖ ጥንድ አጣ ባልሽው ጂን ላይ 60 ከሆነ፣ ሁለቱ ቅጂዎች በአንድ ተደፍጥጠዋል እንጂ የጠፋ የለም።

ከዚያ ጎረቤቶቹን ያዢ። በኤ ወገን ከግራ አምስት ከቀኝ አምስት ጂን ወስደሽ፣ በቢ ወገን ያንኑ መደዳ ፈልጊ። መካከሉ በ«ኤን» (ፊደሉ ባልታወቀ ቦታ የሚገባ ምልክት) ከተሞላ ያልተነበበ ክፍተት ነው። ተነቦ ከሆነ የፕሮቲኑን ቅደም ተከተል እዚያው ቦታ ላይ አመሳክሪ፤ ያለቦታው የገባ ማቆሚያ ኮዶን (የፕሮቲኑ ማብቂያ ምልክት)፣ የንባብ መሥመሩን ያሳተ ስርዝ ወይም ግማሽ ኤክሶን (ፕሮቲኑን የሚጽፍ የጂን ክፍል) ካገኘሽ የሞተው ጂን ፍርስራሽ እሱ ነው። በፒሲአር፣ በዲኤንኤ ማባዣው ዘዴ፣ ስታረጋግጪ የፕራይመሩ (ማባዛቱን የሚያስጀምረው አጭር ዲኤንኤ) የመጨረሻ ፊደል ቅጂዎቹ በሚለያዩበት ቦታ ላይ ይረፍ፤ አለዚያ ሁለቱንም ያባዛልሻል። ጂኑ ከጥንቱም እዚያ ቦታ ነበረ ወይ ለማለት ዘመዶቹን ማሽላንና ሩዝንም እዪ። ደግሞ ሁለቱ ወላጆች 4 ሚሊዮን ዓመት ያህል ለየብቻ ኖረዋልና፣ አንደኛው ከመዳቀሉ አስቀድሞ ያጣውን ጂን ከድርቡ በኋላ እንደጠፋ አትቁጠሪው።

የላክሁልሽን በሶ ከእርጥበት አርቂው። ቁርስ ሳትበዪ አትውጪ!

ማን ይቀራል ማን ይሄዳል የሚለውንም አስቢበት። ራይቦዞምን (የሴሉን ፕሮቲን መሥሪያ) የሚሠሩ ፕሮቲኖችና ሌሎች ጂኖችን የሚያዝዙት በጥንድ ይቀራሉ፤ መጠናቸው ተመጣጥኖ መኖር አለበትና። ከጥማዱ አንዱን በሬ ፈትተሽ ማረስ እንደማትችይ ማለት ነው። ዲኤንኤ የሚጠግኑት ግን ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ይመለሳሉ። ሥራ የሚካፈሉም አሉ፤ አንዱ ቅጂ በሥር፣ ሌላው በጤፉ ራስ ላይ። በቅጠል ብቻ ለክተሽ «ይህ ቅጂ ሞቷል» ብትዪ ትሳሳቻለሽ።

እኔን የሚቆጨኝ ይህ የጤፍ ጂኖም ካርታ ዘግይቶ መምጣቱ ነው። ጤፍን ማዳቀል አይቻልም ሲባል፣ የጤፍ ተመራማሪው ዶክተር ታረቀ በርሄ አበባው ማለዳ 1 ሰዓት ግድም ለጥቂት ጊዜ እንደሚከፈት ደረሱበት፤ መንገዱ ተከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 «ቁንጮ» የተባለው የጤፍ ዝርያ ወጣ፤ ጎጃምም ዘራው። የማይተኛ ግንደ አጭር ጤፍ ማግኘት ግን አስቸገረ። በአንዱ ቅጂ ላይ ጉድለት ቢገኝ ሌላው ይሸፍነዋል፤ አዳቃዩ ምንም ሳያይ ያልፈዋል። ገበሬውም በየዓመቱ እህሉ ሲተኛበት ያያል። «ቀኝ» የተባለው ጤፍ ግንደ አጭርነት የታየው የሴሉን ማገር በሚሠራው በአልፋ ቱቡሊን ጂን ላይ የደረሰው ለውጥ ጤናማው ቅጂ እያለም ስለሚገለጥ ነው። አዳቃይ ያንቺን ጽሑፍ አምኖ «እዚህ አንድ ቅጂ ብቻ ነው ያለው» ብሎ አንዱን ብቻ ቢያበላሽ፣ የተደበቀው ሁለተኛው ሥራውን ይቀጥልና የስንት ዓመት ድካም ገደል ይገባል። ስለዚህ ነው ሳታረጋግጪ ጠፋ አትበይ የምልሽ።

ጽሑፉን ገና አታስገቢ፤ አማካሪሽን ሁለት ሳምንት ለምኝ። የሽፋን ሠንጠረዡንና የመጀመሪያዎቹን ሃምሳ ጂኖች መደዳ እስከ ዓርብ ላኪልኝ፤ አብረን እናያቸዋለን። ለእናትሽም ዛሬውኑ ደውዪላት።

እመብርሃን ትጠብቅሽ፣ የኔ ዓለም።

አባትሽ
ደብረ ማርቆስ