ስድስት ዓመት ለጠበቃችሁኝ ሁሉ

ጥር 2017 ዓ.ም. ላይ ሕመሜ ሳይነሣብኝ ስድስት ዓመት ሞላኝ። ለዚህ ያበቃኝን አምላክ አመሰግናለሁ፤ እናንተንም በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ይከብደኛል።

ሕመሜ ባይፖላር ነው፤ አንዴ በድባቴ የሚጥል፣ አንዴ ከልክ በላይ የሚያነቃቃ የስሜት ሕመም። በ1996 ዓ.ም. የ2ኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ አባቴ ባረፈ በወሩ በድባቴ ጀመረኝ። የሄድኩበት ሕክምና ቤት የድባቴ መድኃኒት ብቻ ሰጠኝ። ብዙም ሳይቆይ እንቅልፍ አጣሁ፤ የቤት ኪራዩን ብር ለመንገደኛ አደልኩት። ባይፖላር ያለበት ሰው የድባቴ መድኃኒት ለብቻው ሲወስድ ወደ ማኒያ፣ ማለትም ወደዚያ ከልክ ያለፈ መነቃቃት፣ ሊወጣ እንደሚችል ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ከዚያም በተሻለኝ ቁጥር «ድኛለሁ» እያልኩ መድኃኒቱን አቋርጥ ነበር።

ሲስተር፣ ያቺን ቀን አልረሳትም። የግድግዳ ካላንደር ገልብጠሽ ጀርባው ላይ መስመር አሰመርሽ፤ ሕመሙ የተነሣባቸውን ዓመታት በነጥብ አስቀመጥሽ፦ 1996፣ 2002፣ 2006፣ 2009፣ 2011። «እየተቀራረቡ ነው፣ አየህ?» አልሽኝ። በየነጥቡ ሥር ምን እንዳስነሣው ጠየቅሽኝ። የመጀመሪያው የአባቴ ሞት ነበር፤ የመጨረሻው የአጎቴ ልጅ ሠርግ ላይ ሁለት ሌሊት አለመተኛቴ ብቻ። ሁሉም ታማሚ ላይ እንዲህ አይሄድም ብለሽኛል። ብዙዎች ላይ ግን ሕመሙ በተመላለሰ ቁጥር ጊዜው ያጥራል፣ ትንሽ ነገርም ይቀሰቅሰዋል። ጀርመናዊው ሐኪም ክሬፔሊን ይህን ካስተዋለ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። መድኃኒቱ ደህና ስሆንም የሚያስፈልገኝ ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ያ ካላንደር ዛሬም ቁም ሣጥኔ ውስጥ አለ።

የምወስደው ሊቲየም ነው። በ1949 እ.ኤ.አ. ለዚህ ሕመም መርዳቱን ጽፎ ላሳወቀው አውስትራሊያዊው ሐኪም ለጆን ኬድ አፈሩን ገለባ ያድርግለት። ደሜን፣ ኩላሊቴንና ታይሮይዴን በየጊዜው እመረመራለሁ፤ ሰውነት ውኃና ጨው ሲያንሰው መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይጠራቀማልና። ንስሐ አባቴ ይህን ሲሰሙ በጾም ውኃ እንድጠጣ ፈቀዱልኝ። «ጠበሉንም ክኒኑንም እንዳትተው» አሉኝ። አባቴ፣ ስንቱ መድኃኒቱን ጥሎ ሲወድቅ አይቻለሁና ይህ ቃልዎ ለእኔ ትልቅ ነው። መድኃኒቱ ገበያ ላይ ሲጠፋ ማታ ደውለሽ «አንድ ዕሽግ አስቀምጬልሃለሁ» ያልሽኝ የፋርማሲዋ እህት፣ ኑሪልኝ።

እህቴ፣ ላንቺ ምን ልበል? ደህና ሳለሁ ተፈራርመናል፤ ሁለት ሌሊት ከአምስት ሰዓት በታች ከተኛሁ ሳትጠይቂኝ ለሲስተር ትደውያለሽ፣ የባንክ ካርዴም አንቺ ጋ ይሆናል። ባለፈው ክረምት ደወልሽ። ተቆጣሁሽ፤ ይቅር በይኝ። በማግስቱ ሐኪሜ አየኝ፤ መድኃኒቱ ተስተካከለልኝ፤ ሳምንት ሳይሞላ እንቅልፌ ተመለሰ። እንደ ድሮው ቢሆን አልጋ እይዝ ነበር።

ርዕሰ መምህራችን፣ እንቅልፌ እንዳይዛባ፣ ምክንያቱን ለማንም ሳይናገሩ ከማስተምርበት የማታ ክፍል አንሥተውኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ።

እትዬ፣ ሰፈሩ በር ሲዘጋብኝ እርስዎ ልጅዎን ሒሳብ እንዳስጠናው ደብተሩን አስይዘው ላኩልኝ። ያኔ 6ኛ ክፍል ነበር። ዘንድሮ 12ኛ ነው፤ ማክሰኞና ሐሙስ አሁንም ይመጣል።