ማህተም ሳትመታብኝ

ሰላም አቤልዬ፣

ጠፋች ብለህ ስሜን አጥፍተህ ጨርሰሃል አይደል? አውቅሃለሁ። ሰውን አንዴ ታይና ማህተም መትተህ ፋይሉን ትዘጋለህ። «እሱ ቋጣሪ ነው።» «እሷ ጉረኛ ናት።» እኔንም «ሰው አትጠይቅም» ብለህ ሳትመዘግበኝ አልቀረህም።

በቅርቡ መሥሪያ ቤታችን ሥልጠና ብሎ የጠባይ መለኪያ መጠይቅ አስሞላን። ያ የሰውን ዘር በሙሉ 16 ቦታ የሚከፍለው። እኔ ዝምተኛና ብቸኝነት ወዳድ ሆኜ ወጣሁ። አዎ፣ እኔ! እህትህ ሰርግ ላይ ጫማዬን አውልቄ የጨፈርኩት። አጠገቤ ያለችው የሒሳብ ክፍል ልጅ ግን ውጤቷን እያነበበች «ቁርጥ እኔን!» ትላለች።

በርትራም ፎረር ትዝ አለኝ። አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. ተማሪዎቹን ፈተነና ለየራሳቸው የጠባያቸውን ውጤት አደለ። ምን ያህል ይገልጻችኋል ቢላቸው ከ5 በአማካይ 4.3 ገደማ ሰጡት። ለካ ለሁሉም ያደለው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነው፤ ያውም ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የለቃቀመው!

አንተን የሚመለከተው ግን ሌላ ጥናት ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. ዳርሊና ባትሰን የተባሉ ተመራማሪዎች የፕሪንስተን ነገረ መለኮት ተማሪዎችን ንግግር አድርጉ ብለው ወደ ሌላ ሕንፃ ላኩ። መንገዱ ላይ አንድ ሰው በር ሥር ኩርምት ብሎ ያስላል፣ ያቃስታል። ጊዜ አላችሁ ከተባሉት 63 በመቶው ረዱት። ረፍዶባችኋል ከተባሉት 10 በመቶው ብቻ። ግማሾቹ እኮ ሊናገሩ የሚሄዱት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር! የሃይማኖተኝነታቸው ዓይነት ማን እንደሚቆም አላስገመተም፤ ጥድፊያው ግን አስገመተ።

ጠባይ የሚባል ነገር የለም አልልህም። ሰውን ብዙ ጊዜ፣ ብዙ ቦታ ካየኸው መስመሩ ይታያል። አንተ ዘንድሮ አብዛኛውን ቀጠሮ እንደምታረፍድ እወራረዳለሁ። የነገውን ግን አልወራረድም፤ ጉድ ልትሠራኝ ትችላለህ።

እኔማ እማዬ ታማብኝ ከሆስፒታል ቤት፣ ከቤት ሥራ ስል ከረምኩ። አሁን ተሽሏታል፣ ተመስገን። ቅዳሜ ከሰዓት ብቅ በል። «ያ ጨዋ ልጅ የት ገባ?» እያለችኝ ነው። እሷም አንተን መድባህ ቁጭ ብላለች፤ እኔ ምንም አልተነፈስኩም።

ያንተው፣
ቤቲ