ሱሪናም በኒውዮርክ አልተለወጠችም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ደቡብ አሜሪካዊቷ ሱሪናም የወጣው ጽሑፍ፣ ሆላንዶች «ኒውዮርክን ሰጥተው ረግረግ የገዙ ሞኞች» መሆናቸውን ይተርካል። ቀልዱ አሮጌ ነው፤ ተማሪ ያስቃል። ልውውጥ ግን አልነበረም። (ዓመታቱንና ቀኖቹን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

እንግሊዞች የሆላንዶች የነበረችውን ኒው አምስተርዳምን፣ የዛሬዋን ኒውዮርክ፣ የያዙት በ1664 ነው። ዚላንድ ከተባለው የሆላንዶች ግዛት የተነሳው አብርሃም ክራይንሰን ደግሞ በየካቲት 1667 መርከቦቹን ይዞ ሱሪናም ገባና እንግሊዞች የሠሩትን ምሽግ ወሰደ። ዐፄ ፋሲል ባረፉበት በዚያው ዓመት፣ ሐምሌ 31 ቀን በሆላንዷ ከተማ ብሬዳ የተፈረመው ውል በአጭሩ «የያዘ ይያዝ» ነው። ወሬው ባሕር እስኪሻገር ድረስ እንግሊዞች በጥቅምት ሱሪናምን መልሰው ያዙ፤ በውሉ መሠረት በ1668 ለቀቁ። ሆላንዶችም በ1673 ኒውዮርክን አስመልሰው በማግሥቱ ዓመት በዌስትሚንስተር ውል እንደገና አስረከቡ። እንግዲህ ገበያ ወጥቶ አንዱን በአንዱ የለወጠ የለም። በዚያን ዘመን ደግሞ ስኳር የሚያበቅል ወንዝ ዳር መያዝ ሞኝነት አልነበረም።

«ረግረግ» የተባለውም መሬት እንዲሁ የተተወ ጭቃ አይደለም። በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን በአካፋ ቆፍረው ያወጡት የሸንኮራ ማሳ ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ሲሞላ የወንዙን ውሃ ወደ ኋላ ስለሚገፋው፣ ማሳው ዙሪያውን በአፈር ግድብ ይታጠራል። የማሳው ትርፍ ውሃ በአንድ ቦይ ተሰብስቦ፣ ወንዙ ሲጎድል በሚከፈት በር ይወጣል። ግድቡ ከተናደ የወንዙ ውሃ ማሳው ላይ ይተኛል፤ ወደ ባሕሩ በቀረበ ቦታ ጨውም ይዞ ይገባል።

የአገዳ መጭመቂያው ሌላ ቦይ አለው። እዚህ ጎጃም የውሃ ወፍጮ የሚያስፈጭ ሰው አሠራሩ አይጠፋውም፤ ልዩነቱ ውሃው ከተራራ አለመውረዱ ነው። ወንዙ ሲሞላ በሩ ይከፈትና ቦዮቹ ይሞላሉ፣ በሩ ይዘጋል። ወንዙ ሲጎድል የታጨቀው ውሃ ተለቆ መዘውሩን ያዞራል። በቂ ከፍታ የሚገኘው ግን ጨረቃ ስትሞላና ስትጠፋ ባሉት ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። የተቆረጠ አገዳ አያድርም፣ ስኳሩ ይቀንሳል፤ ይህን የበለስ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞችም ያውቁታል። ጭማቂውማ በሰዓታት ይኮመጥጣል። ስለዚህ በእነዚያ ቀናት ሥራው ሌሊትም አይቆምም ነበር። አገዳ የሚያጎርሰው ሰው አንቀላፍቶ እጁ በመጭመቂያዎቹ መካከል ከተያዘ፣ ክንዱን ለመቁረጥ መጥረቢያ አጠገቡ ይቀመጥ ነበር። መዘውሩ በቶሎ አይቆምምና።

ከ200 ሺህ በላይ አፍሪካውያን ተጭነው ገቡ። በ1863 ነፃ የወጡት ወደ 34 ሺህ ናቸው። ሂሳቡን አንባቢ ይሥራው።

ጽሑፋችሁ «ባርነት ሐምሌ 1 ቀን 1863 አበቃ» ይላል። ቀኑ ልክ ነው፣ «አበቃ» የሚለው ግን አይደለም። ለባለቤቶቹ በነፍስ ወከፍ 300 ጊልደር (የሆላንድ ገንዘብ) ካሳ ሲከፈል ነፃ የወጡት ለ10 ዓመት በመንግሥት ቁጥጥር ሥር በውል እንዲሠሩ ተገደዱ። ቁጥጥሩ በሚያበቃበት በ1873፣ ሰኔ ላይ ላላ ሩክ የተባለችው መርከብ ከካልካታ ወደ 400 የሚጠጉ ሕንዶችን አራገፈች። በ1890 ደግሞ ጃቫውያን ተከተሉ። ዛሬ በዋና ከተማዋ በፓራማሪቦ መስጊድና ምኩራብ ጎን ለጎን መቆማቸው ጽሑፋችሁ እንዳለው «የአጋጣሚ» አይደለም።

ጽሑፋችሁ ጭራሹን ያላነሳቸው ማሩኖችን ነው። ከእርሻዎቹ አምልጠው ከወንዞቹ ፏፏቴ በላይ ሰፈሩ፤ ጀልባ ይዞ የሚያሳድዳቸው ጦር እዚያ ሲደርስ ጀልባውን መሸከም ነበረበት። ከማሩኖቹ ወገን ንድዩካዎች በጥቅምት 1760፣ ሳራማካዎች በ1762 ቅኝ ገዢውን ነፃነታቸውን በሚያውቅ ውል አስፈረሙ። በአጸፋው አዲስ የሚያመልጡትን ለመመለስ ተስማሙ፤ ይህን መራራ አንቀጽ መደበቅ አያስፈልግም። የአፎባካ ግድብ በ1960ዎቹ ለአሉሚኒየም ማቅለጫ ኤሌክትሪክ ሊሰጥ ሲሠራ፣ መንደራቸው በውሃ ተውጦ የተነሱት ወደ 6 ሺህ ሰዎችም ሳራማካዎች ናቸው።

ነፃነቱ ኅዳር 25 ቀን 1975 መጣ፤ አምስት ዓመት ሳይሞላው፣ በየካቲት 1980፣ በዴሲ ቡተርሰ የተመሩ ሳጅኖች ሥልጣን ያዙ። ታኅሣሥ 8 ቀን 1982 አሥራ አምስት ተቃዋሚዎች የተገደሉት ክራይንሰን በያዘው በዚያው ምሽግ፣ በዚላንዲያ ነው። ቡተርሰ በኋላ በምርጫ ፕሬዚዳንት ሆኖ ከ2010 እስከ 2020 ገዛ። በዚያ ግድያ የተፈረደበት የ20 ዓመት እስራት በታኅሣሥ 2023 ሲጸና ተሰወረ፤ ሳይታሰር በ2024 ሞተ።

በመጨረሻ ካርታው። «ሱሪናም» ብላችሁ ያጠቆራችሁት ከኮረንታይን ወንዝ በስተ ምዕራብ ያለችውን ጉያናን ነው። እሷ የእንግሊዝ ቅኝ የነበረች፣ በ1966 ነፃ የወጣች፣ ዋና ከተማዋ ጆርጅታውን የሆነ አገር ናት። በምሥራቅ ያለችው የካየን ግዛት እስከ ዛሬ የፈረንሳይ ናት። ሱሪናም የመሐለኛዋ ናት፤ በሚቀጥለው እትም ካርታው ታርሞ ቢወጣ።

የታሪክና የጂኦግራፊ መምህራን
ደብረ ማርቆስ