ትከሻዬን ሳታዩ ስላከማችሁኝ የቀረበ ቅሬታ

ይድረስ ለፊዚዮቴራፒ ማዕከሉ ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። እንግዳ መቀበያ ላይ በቃል ተናግሬያለሁ፣ በቴክስትም ጽፌያለሁ። «ለሚመለከተው ክፍል እናስተላልፋለን» ተባልኩ፤ የሚመለከተው ክፍል ግን እስካሁን ድምፁ የለም። ስለዚህ በቀጥታ ለእርስዎ ልጻፍ ብያለሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ይታገሱኝ።

ነገሩ ሲጀመር ውስብስብ አልነበረም። በተራራ ብስክሌት ቁልቁለት እየወረድኩ የፊት ጎማው ድንጋይ መሃል ተሰነቀረና በመሪው ላይ ተሽቀንጥሬ በቀኝ ትከሻዬ ጫፍ አረፍኩ። ድንገተኛ ክፍል ራጅ አነሱኝ። አጥንት አልተሰበረም። የተጎዳው ከደረት ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንት ከትከሻ ጫፍ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው፤ ባለሙያዎቹ ኤሲ መገጣጠሚያ ይሉታል። ሁለተኛ ደረጃ ነው ተባልኩ። ይህ ጉዳት እንደ ክብደቱ ከ1 እስከ 6 ደረጃ ይሰጠዋል፦ 1 እና 2 ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናሉ፣ 3 ላይ ሐኪሞቹ ራሳቸው ይከራከራሉ፣ ከ4 ጀምሮ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። የእኔ ከቀላሎቹ ወገን ነበር ማለት ነው። ሐኪሙ የእጅ ማንጠልጠያውን ለአጭር ጊዜ ብቻ እንዳስር፣ ሕመሙ በረድ ሲል ቶሎ ወደ እንቅስቃሴ እንድገባ በደብዳቤ ጽፎ ወደ እናንተ ላከኝ።

ደብዳቤውን ያነበበው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። የመጀመሪያው ባለሙያ እጄን እንኳ ሳይነካ «ሕመሙ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ማንጠልጠያውን እንዳታወልቅ» አለኝ። ሐኪሙ የጻፈው ሌላ ነው ስለው «እዚህ የምናክመው እኛ ነን» ብሎ ዘጋኝ። እሺ ብዬ አሰርኩት፣ ቀንም ሌሊትም። ክርንህን ዘርጋ እጠፍ፣ ጣቶችህን አንቀሳቅስ ያለኝም የለም፤ እጅ የታሰረበት ሰው መጀመሪያ ሊነገረው የሚገባው እሱ ነበር። ጎንበስ ብሎ በደህናው እጅ ጠረጴዛ ተደግፎ የታመመውን እጅ ወደ ታች ለቆ በቀስታ ማወዛወዝ የሚባል እንቅስቃሴ እንዳለም ያወቅኩት በኋላ ነው። እሱን ለማሳየት ማሽን አያስፈልግም፣ ክፍል አያስፈልግም፣ ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

ትከሻ ከሰውነታችን መገጣጠሚያዎች ሁሉ በሰፊው የሚንቀሳቀሰው ነው። ካላንቀሳቀሱት ግን ዙሪያውን የሸፈነው ከረጢት እየተኮማተረ ይሄዳል፣ ጡንቻውም ይሟሽሻል። እኔም የደረሰብኝ ይኸው ነው። ማንጠልጠያው ሲወልቅ የመጀመሪያው ሕመም ቀንሶ ነበር፤ እጄ ግን ከደረቴ በላይ አልወጣ አለ። ፀጉሬን ማበጠር አልቻልኩም። ቀበቶዬን ከኋላ ማሳለፍ አልቻልኩም። ብስክሌቱ ላይ የደረሰብኝ ጉዳት አንድ ነበር፣ እናንተ ጋ ሁለት ሆነ።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ፤ ከሁሉ የሚያናድደኝ እሱ ነው። ሌላ ባለሙያ ተቀየረልኝና ፎቶ ኮፒ የሆነ የእንቅስቃሴ ወረቀት ሰጠኝ። አናቱ ላይ በትልቁ ፍሮዝን ሾልደር ይላል፣ ማለትም ትከሻው ደርቆ ለተያዘ ሰው የተዘጋጀ ነው። ውስጡ ካሉት አንዱ የታመመውን እጅ በደህናው ይዞ በደረት ላይ አሻግሮ ወደ ሌላኛው ትከሻ መሳብ ነው። ለደረቀ ትከሻ ጥሩ ይሆናል። ኤሲ መገጣጠሚያው ገና ለቆሰለ ሰው ግን ያቺን የተጎዳች ቦታ አጥንት ላይ አጥንት እየገፉ መጭመቅ ነው። ሐኪሞች ይህ መገጣጠሚያ መጎዳቱን ለማወቅ እጅን በደረት ላይ አሻግረው ነው የሚፈትኑት! እናንተ ደግሞ ምርመራውን ወስዳችሁ የቤት ሥራ አድርጋችሁ ሰጣችሁኝ፣ ያውም «ሲያምህ ጥርስህን ነክሰህ ቀጥል» ከሚል ምክር ጋር። ሌሊት በዚያ ጎን መተኛት ቀርቶ ብርድ ልብስ መሳብ አቃተኝ።

ወረቀቱ አይስማማኝም ብዬ ስናገር የተሰጠኝ መልስ «ለሁሉም የምንሰጠው እሱን ነው» የሚል ነው። ችግሩም እኮ እሱ ነው። ትከሻው የወለቀ፣ ጅማቱ የተበጠሰ፣ አጥንቱ የተሰበረና እንደኔ ኤሲው የተጎዳ ሰው አንድ ወረቀት አይመጥናቸውም። ትከሻው በፊት በኩል ወልቆ ለተመለሰ ሰው መጀመሪያ ላይ የሚፈራው እጅን ወደ ጎን አንስቶ ወደ ውጭ ማዞር ነው፤ የእኔ ፍርሃት ደግሞ ማሻገር፣ ከባድ ነገር ማንጠልጠልና መግፋት ነው። ይህን እኔ ነኝ ለእናንተ የምነግራችሁ?

ፋይሌን ደግሞ አየሁት። «ግራ ትከሻ» ይላል። የተጎዳሁት ቀኝ ነው። በየቀጠሮው ሥር «ጥሩ መሻሻል» ተብሎ ተጽፏል፣ በአንድ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ፣ ያልተገኘሁበት ቀጠሮ ጭምር። መሻሻሉን በምን አወቃችሁት? እጅ ወደ ፊት ሲነሳ ጤነኛ ትከሻ ወደ 180 ዲግሪ ይደርሳል፤ የእኔ ስንት ላይ እንደቆመ የለካ የለም። ለዚህ የሚሆን መለኪያ ግድግዳችሁ ላይ ተሰቅሎ አይቻለሁ። ለጌጥ ካልሆነ ይውረድ።

የቀረው ጊዜ ያለፈው መጋረጃ ጀርባ ነው። የኤሌክትሪክ ማሽኑን ትከሻዬ ላይ ትለጥፋላችሁ፣ ሰዓት ትሞላላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። ማሽኑን አልሳደብም፣ ለጊዜው ሕመም ያስታግሳል። ግን የታሰረ ትከሻ አይፈታም፣ የሟሸሸ ጡንቻም አይመልስም። ያንን የሚመልሰው ሰው አጠገብ ቆሞ እያየ፣ እያረመ፣ የሚሳበውን ላስቲክ እየቀየረ የሚያሠራው ሥራ ነው፤ እኔም የከፈልኩት ለእሱ መስሎኝ ነበር።

ሐቁን ለመናገር አንዲት ባለሙያችሁ ይህን ሠርታለች። ሸሚዜን አስወልቃ ከኋላዬ ቆመች፣ ሁለቱንም እጆቼን እንዳነሳ አድርጋ የጀርባዬ ጠፍጣፋ አጥንት በቀኝ በኩል ያለ ጊዜው እንደሚነሳ አየች። ማሻገሪያዋን እንቅስቃሴ ወዲያው አስቆመችኝ። መጀመሪያ ግድግዳ እየገፋሁ ሳልንቀሳቀስ ጡንቻውን ማሠራት፣ ከዚያ ክርኔን ጎኔ ላይ አጣብቄ በላስቲክ ወደ ውጭ መሳብ፣ ከዚያ የጀርባውን አጥንት ወደ ኋላና ወደ ታች መሰብሰብ አስጀመረችኝ። ያኔ ነው ለውጥ ያየሁት። እሷንም ወዲያው ወደ ሌላ ፈረቃ አዛወራችኋት፣ የጻፈችልኝ ፕሮግራም ደግሞ ፋይሌ ውስጥ አልተገኘም። ቀጣዩ ሰው ከዜሮ ጀመረ፣ «ምንህን ነው ያመመህ?» ብሎ።

ወደ ብስክሌት መቼ ልመለስ ብዬ ስጠይቅም የባለሙያው ቁጥር ያህል መልስ አገኘሁ። አንዱ በሚቀጥለው ሳምንት ውጣ ይላል፣ ሌላው ጭራሽ ተወው ይላል። «ተወው» ሕክምና አይደለም ወንድሜ። በቁልቁለት ላይ ከመሪው የሚመጣው ድንጋጤ ሁሉ የሚያርፈው ክንድና ትከሻ ላይ ነው፤ ፍሬን መያዝም፣ መሪውን መጎተትም፣ ሰውነትን በእጅ መደገፍም አለ። ስለዚህ መጠየቅ የነበረበት ግልጽ ነው፦ እጁ ያለ ሕመም እስከ መጨረሻው ይነሳል ወይ? ጉልበቱ ከደህናው ጋር ተቀራርቧል ወይ? በሁለት እጁ ተደግፎ ክብደቱን መሸከም ይችላል ወይ? መሬት አስደግፎ የሞከረኝ ሰው የለም። ሁሉም ከመቀመጫው ሳይነሳ ነው የፈረደው።

የምፈልገውን ልናገር። ፋይሌ ይታረምና ሙሉ ኮፒው ይሰጠኝ፣ የጠፋው ፕሮግራም ጭምር። ትከሻዬን በመለኪያ ለክቶ፣ ከግራው ጋር አወዳድሮ የሚጽፍ አንድ ሰው ይመደብልኝና እስክጨርስ አይቀየር፤ ያቺ ባለሙያ ብትሆን ደስ ይለኛል። በተሳሳተው ወረቀትና በባዶ ማሽን ያለፉት ቀጠሮዎች ወይ በነፃ ይተኩ ወይ ገንዘቡ ይመለስ፣ ያልተገኘሁበትም ቀጠሮ ከሂሳቡ ይውጣ። ወረቀቱን ደግሞ ለኔ ብላችሁ ሳይሆን ነገ ተሽቀንጥሮ ለሚመጣው ሰው ብላችሁ ከጠረጴዛው ላይ አንሱት።

መልሱን በሁለት ሳምንት ውስጥ በጽሑፍ እጠብቃለሁ። ካልመጣ ይህንኑ ደብዳቤ ከሐኪሙ ደብዳቤና ከፋይሌ ፎቶ ጋር ጤና ተቋማትን ለሚቆጣጠረው አካል አስገባለሁ። ስልክ አትደውሉልኝ፤ በስልክ የተነገረኝ ነገር ፋይል ውስጥ ሲገባ ቀኙ ግራ እንደሚሆን አይቻለሁ።

ደንበኛችሁ፣
የቀኝ ትከሻ ታካሚ